የምክር ዓምድ፦ «ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመጣሉ፤ ምን ልበላቸው?»

ይህ ደብዳቤ የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። በእጅ የተጻፈ፣ ስድስት ገጽ ነው። ጸሐፊዋ ስለፈቀደችልኝ አሳጥሬዋለሁ። ማንነቷን የሚያስታውቁ ነገሮችን ቀይሬያለሁ። የየትኛው እምነት ተከታይ እንደሆነች የሚጠቁሙ ቃላትንም አውጥቻለሁ። እሷም ይህንኑ ለምናኛለች፣ እኔም ልክ ነው ብያለሁ። ወሎ ላይ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ጎረቤት ነው። አንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ ሁለቱም እምነት አለ። የአንድን ሰው ጥፋት ይዞ «የነሱ ነገር እንዲህ ነው» የሚል አንባቢ እንዲኖር አልፈልግም።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«እህቴ እንደምን ከረምሽ? የ46 ዓመት ሴት ነኝ። ኮምቦልቻ ገበያ እህል እነግዳለሁ። እህቴ ከሞተች ጀምሮ ልጇን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ዛሬ 20 ዓመቷ ነው። ደሴ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች።

ከሦስት ሳምንት በፊት በላፕቶፗ አንድ ፊልም ከፈተችልኝ። ‹ውመን ቶኪንግ› ይባላል፣ ‹ሴቶች ሲነጋገሩ› ማለት ነው አለችኝ። እየተረጎመችልኝ አየን። በአንድ የሃይማኖት መንደር ውስጥ ሴቶቹ ተደፍረዋል። ምን እናድርግ ብለው ይማከራሉ። ዝም እንበል፣ ቀርተን እንታገል፣ ወይስ ጥለን እንሂድ? ከዚያ ስለ ይቅርታ ማውራት ጀመሩ። ይሄኔ ልጅቷ ላፕቶፑን ክድን አደረገችው። ‹እትዬ፣ እኔንም እንዲህ አድርጎኛል› አለችኝ። ማን ስላት የሃይማኖት አስተማሪያችንን ጠራችው።

16 ዓመቷ ሳለ ነው። ‹ጎበዝ ናት፣ ለብቻዋ ላስተምራት› ብሎ ያስፈቀደው እኔን ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ሰሞን ‹አልሄድም› ብላ አለቀሰች። ስንፍና መስሎኝ ተቆጥቼ ሰደድኳት። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ሌሎች ሁለት ልጆችም እንዳሉ ነግራኛለች።

የሴቶች ቅሬያችንን (የእድራችንን) ኃላፊ፣ አንዲት ትልቅ ሴት አማከርኩ። ‹ዝም በይ። የእምነታችንን ስም ታጠፊያለሽ። ልጅቷም ባል አታገኝም› አለችኝ። ከዚያ ነገሩ ሽማግሌዎች ጆሮ ደረሰ። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ቤቴ ሊመጡ ነው። ሰውየው ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ሥር ይወድቃል፣ እሷ ‹ይቅር ብያለሁ› ትላለች፣ በዚሁ ያልቃል ብለዋል። እምቢ ካልን ከቅሬ እንወጣለን። እሷ ደግሞ ‹ፊቱን ማየት አልፈልግም› ትላለች።

ዝም ልበል? ቀርቼ ልታገል? ወይስ ትቼ ልሂድ? ሃይማኖቴን ትቼ የት እሄዳለሁ? ስሞትስ ማን ይቀብረኛል?»

እህቴ፣ አብሽሪ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «እውነቷን ይሆን?» የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። ልጅቷ ነገረችሽ፣ አመንሻት። ይህን ያላገኙ ብዙ ልጆች አሉ። ለእናታቸው ተናግረው በጥፊ የተመቱ አሉ። አንቺ ጋ የመጣችው ልጅ ግን የሚሰማት ሰው አግኝታለች።

ቀኑ ቅርብ ስለሆነ ከእሑዱ ልጀምር። ልጅቷን ሽማግሌዎቹ ፊት አታቅርቢያት። ያን ቀን ደሴ ትዋል።

ሽምግልናን ንቄ አይደለም። እኔም የወሎ ልጅ ነኝ። አበጋር፣ የኛ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን አስታረቀ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ድንበር ሲገፋ፣ ከብት ሲጠፋ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ ሽማግሌ ባይገባ ስንቱ ቤት ይፈርስ ነበር። ግን ማስታረቅ የሚባለው ሁለት የተጣሉ ሰዎች ሲኖሩ ነው። ታርቀው፣ ተመልሰው አብረው እንዲኖሩ። ይቺ ልጅ ከማንም አልተጣላችም። ልትማር ነው የሄደችው። ከዚህ ሰው ጋር ታርቃ ምን ልትሆን ነው?

ድንጋዩንም አስቢው። ድንጋዩ አንገቱ ላይ የሚቆየው አምስት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ይወርዳል። በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ ክፍሉ ሙሉ ሰው የሚያየው እሷን ነው። «በይ እንጂ ልጄ፣ ትልቅ ሰው እግርሽ ሥር ወድቆ» ይሏታል። በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት «እምቢ» ለማለት ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ አንቺም እኔም እናውቃለን። አንቺ ራስሽ በ46 ዓመትሽ ብቻሽን ልትመልሺላቸው ፈርተሽ ነው የጻፍሽልኝ። እሷ «ይቅር ብያለሁ» ብትል ቃሉ ከአፏ ይወጣል እንጂ ከልቧ አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ ደግሞ በተናገረች ቁጥር «ይቅር ብለሽ የለ እንዴ?» ትባላለች። ቃሏ መልሶ እሷን ማሰሪያ ይሆናል።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ብቻሽን አትሁኚ። የምታምኚው ወንድም፣ አጎት ወይም ጎረቤት አጠገብሽ ይቀመጥ። ቡናውን አፍዪላቸው፣ በክብር ተቀበያቸው። ከዚያ እንዲህ በያቸው፦ «አባቶቼ፣ ቤቴ ስለመጣችሁ አከብራችኋለሁ። ልጄ ግን አትመጣም። ይህ በሽምግልና የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ የሕግ ነው። እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ይህን ሰው ከልጆች አርቁልን።»

ከዚያ ወዲያ ክርክር ውስጥ አትግቢ። «ማስረጃ አለሽ?» ቢሉሽ «ማስረጃውን ለመርማሪ እሰጣለሁ» በይ። የት፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ ብለው ቢጠይቁሽ አትመልሺ። የልጅቷ ገላ የቡና ላይ ወሬ መሆን የለበትም። የሁለቱን ልጆች ስምማ በምንም ዓይነት አታንሺ። እነሱ ለአንቺ ልጅ ነው የነገሯት፤ ለሽማግሌ አልነገሩም።

የሕግ ነው ያልኩት ለማስፈራሪያ አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 620 ላይ፣ አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ ከሆነች እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። «ፈቅዳ ነው» ቢል እንኳ አያመልጥም፤ ከአካለ መጠን በታች ካለች ልጅ ጋር በፈቃዷም ቢሆን ወንጀል ነው። የእሱ ተማሪ መሆኗ ደግሞ ነገሩን ያከብድበታል እንጂ አያቀልለትም። አራት ዓመት ማለፉም አያስጨንቅሽ፤ እንዲህ ያለ ከባድ ወንጀል በአራት ዓመት ይርጋ አያግደውም። አስገድዶ መድፈር ሽማግሌ «አንሱት» ስላለ የሚነሳ ክስም አይደለም። ሽማግሌዎቹ ይህን ላያውቁ ይችላሉ። ብዙዎቹ በቅንነት ነው የሚመጡት። ንገሪያቸው።

አሁን ወደ ፊልሙ ልምጣ። ከመካከል ስለዘጋችሁት ያላየሽው ክፍል አለ። እኔ አይቼዋለሁ። ለአንቺ የሚሆነው ነገር ያለው እዚያ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፊልሙን የሠራችው ካናዳዊቷ ሣራ ፖሊ ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 ነው የወጣው። ከሚርያም ቴቭስ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው፤ ሣራ ለፊልሙ ጽሑፍ ኦስካር ተሸልማበታለች። ታሪኩ ፈጠራ ቢሆንም መነሻው እውነት ነው። ቦሊቪያ ውስጥ ማኒቶባ የሚባል የሜኖናይት ክርስቲያኖች መንደር አለ። ከዓለም ተነጥለው የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 ድረስ በዚህ መንደር ሴቶችና ሕፃናት ጠዋት ራሳቸውን እያመማቸው፣ ልብሳቸው በደም ተበክሎ ይነሱ ነበር። የሆነባቸውን አያውቁም። ለከብት በሚሰጥ ማደንዘዣ ሌሊት እያስተኙ ይደፍሯቸው የነበሩት የገዛ መንደራቸው ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ ሲናገሩ «ሰይጣን ነው» ተባሉ። «የሴት ቅዠት ነው» ተባሉ። በ2009 ሰዎቹ እጅ ከፍንጅ ሲያዙ ነው እውነቱ የወጣው።

አንድ ነገር ልብ በይ። እነዚያ ሽማግሌዎች ከመንግሥት ጋር ጉዳይ የሌላቸው፣ ችግራቸውን ሁሉ በራሳቸው የሚጨርሱ ሰዎች ነበሩ። ይሄ ግን ከአቅማቸው በላይ ሆነ። ሰዎቹን ለቦሊቪያ ፖሊስ አስረከቡ። እ.ኤ.አ. በ2011 ፍርድ ቤቱ ሰባቱን በ25 ዓመት እስራት ቀጣቸው። እሑድ ሽማግሌዎቹ «በኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ፖሊስ አያውቀውም» ካሉሽ ይህን አጫውቻቸው።

ፊልሙ ድፍረቱን አያሳይም። ይህን ወድጄለታለሁ። የሚያሳየው ድርቆሽ የሚከመርበት ሰገነት ላይ ተቀምጠው የሚያወሩ ሴቶችን ነው። ወንዶቹ የታሰሩትን በዋስ ሊያስፈቱ ከተማ ሄደዋል። ከመመለሳቸው በፊት ሴቶቹ መወሰን አለባቸው። ይጨቃጨቃሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይስቃሉ፣ መዝሙር ይዘምራሉ፣ አንዷ የሌላዋን እግር ታጥባለች። አንቺ ካየሽ ታውቂዋለሽ፣ የኛ ሴቶች ቡና ላይ የሚያወሩትን ይመስላል። አቦሉ በሳቅ ይጠጣል። እውነተኛው ነገር የሚወጣው በረካ ላይ ነው።

ያላየሽው ክፍል ይሄ ነው። ግሬታ የምትባል አሮጊት አለች። ያገባች ልጅ አለቻት፤ ልጅቷን ባሏ ይደበድባታል። ልጅቷ ብዙ ጊዜ ተደብድባ እናቷ ጋ መጥታ ነበር። እናቷ ደግሞ ሃይማኖታችን ያዘዘው ነው ብላ «ይቅር በይው፣ ተመለሺ» ስትላት ኖራለች። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግማ። ሰገነቱ ላይ ልጅቷ ፊቷ በልዞ ስትመጣ ግሬታ ይገባታል። ሰበብ አትሰጥም። «ምን ላድርግ፣ ጊዜው ነው» አትልም። ልጇን ይቅርታ ትጠይቃለች።

ይህን ሳይ ስለ ይቅርታ ያለኝ ሐሳብ ተገለበጠ። ሰፈራችሁ ሁሉ ስለ አንድ ይቅርታ ነው የሚያወራው፤ ያንቺ ልጅ ለሰውየው ስለምትሰጠው። ማንም ልጅቷን ይቅርታ አልጠየቃትም። ሽማግሌዎቹ አልጠየቋትም። ያቺ የቅሬ ኃላፊ አልጠየቀቻትም። አንቺስ?

አትደንግጪ። እየወቀስኩሽ አይደለም። ያደረገው እሱ ነው፤ አንቺ አይደለሽም። ጎበዝ ናት ሲልሽ ደስ ያለሽ እሷን ስለምትወጃት ነው። ሃይማኖት አስተማሪን አምኖ ልጅ መስጠት ጥፋት አይደለም፤ አባቶቻችንም እንዲሁ አድርገው ነው ያስተማሩን። ግን «አልሄድም» ብላ ባለቀሰች ቀን ተቆጥተሻል። እንቅልፍ የነሳሽ ይሄ እንደሆነ ራስሽ ጽፈሻል። ለእኔ ጻፍሽው እንጂ ለእሷ አልነገርሻትም። ደብዳቤው ውስጥ አላየሁትም።

ንገሪያት። «ያን ቀን አልሄድም ስትዪኝ ለምን ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩሽም። ተቆጣሁሽ። ይቅርታ» በያት። ከዚህ ሌላ አታስረዝሚው። እያለቀስሽ እሷ አንቺን የምታባብልበት ነገር እንዳይሆን። «ይቅር ብዬሻለሁ» እንድትልሽም አትጠብቂ። ዝም ልትል ትችላለች። ልትቆጣ ትችላለች። አራት ዓመት ይዛው የኖረችው ቁጣ ነው፣ ለቀቅ አድርጊላት።

የእሑዱን ሽምግልና ለመመከት የሚያስፈልግሽ ጉልበትም ከዚህ ነው የሚመጣው። «እትዬ ከኔ ጋ ናት» ብላ ካመነች እሷ ትጠነክራለች። እሷ ስትጠነክር አንቺም አትፈሪም።

ስለዚያች «ዝም በይ» ስላለችሽ ትልቅ ሴት ደግሞ ላንሳ። ፊልሙ ውስጥ ፊቷ ላይ ጠባሳ ያላት አንዲት ሴት አለች። ፍራንሲስ ማክዶርማንድ ናት የተጫወተችው። ከሁሉም በላይ «ምንም አናድርግ» የምትለው እሷ ናት። ትታቸውም ትሄዳለች። ያ ጠባሳ ከየት እንደመጣ አያወሩልንም። ማውራት ግን ያስፈልጋል? ያቺ የቅሬያችሁ ኃላፊ በሕይወቷ ምን እንዳለፈች እኔና አንቺ አናውቅም። የኛ እናቶች በሆዳቸው ይዘው የሞቱት ብዙ ነው። የ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንቷ ሴት የሆነባትን ለባሏ እንኳ ሳትነግር እንደቀረች ሐኪሞቹ ያውቃሉ። ዝምታ ያስተማሯትን ሴት አትጥያት። ግን አትስሚያት።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ከሦስቱ የትኛውን?

ዝም ማለቱ አልፏል። ልጅቷ ተናግራለች፤ ወደ ኋላ አይመለስም። ደግሞም ሌሎች ሁለት አሉ። ሰውየው ዛሬም እያስተማረ ከሆነ ነገ አራተኛ ትኖራለች።

መታገሉ ግን ካንቺ ይልቅ የእሷ ውሳኔ ነው። ፖሊስ ጋ ልሂድ ካለች አብረሻት ሂጂ። አሁን አልችልም ካለች እጇን ጎትተሽ አትውሰጃት። አንዴ በግድ የወሰዱት ልጅ ናት። ሁለተኛ በግድ አትወሰድ፣ ለራሷ ጥቅም ነው ብለሽም ቢሆን። 20 ዓመቷ ነው፣ አዋቂ ናት። መቼና ለማን እንደምትናገር የምትመርጠው እሷ ናት።

ከእሷ ውሳኔ የማይጠበቅ አንድ ነገር አለ። ልጆቹን ከሰውየው ማራቅ። ለዚህ ስሟን መጥራት አያስፈልግሽም። የምታምኛቸውን እናቶች ለየብቻ አነጋግሪ። «ልጅሽን ለብቻዋ እሱ ጋ አትላኪ፤ ምክንያቱን አትጠይቂኝ፤ እኔ አልልክም» በያቸው። ሴት ለሴት ስትናገር ይገባል። ሦስት አራት እናቶች ልጆቻቸውን ካስቀሩ «ለብቻዋ ላስተምራት» የሚለው ነገር ይቆማል። በር ተከፍቶ፣ ሌሎች ልጆች ባሉበት ይማሩ። የትኛውም እምነት ልጅን በተዘጋ በር አስተምሩ ብሎ አያዝም።

ልጅቷ ለመክሰስ ከወሰነች ወይም ከመወሰኗ በፊት ማማከር ከፈለገች እንዲህ አድርጉ። የፊልሙ ሴቶች ፊደል እንዲቆጥሩ አልተፈቀደላቸውም። ድምፅ የሰጡት ሥዕል ሥር ምልክት እያደረጉ ነው። ስብሰባቸውን የጻፈላቸው የመንደሩ ወንድ አስተማሪ ነው። ያንቺ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። በራሷ እጅ፣ በራሷ ቃል ትጻፍ። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቦታውን፣ ያን ሰሞን ማን እንዳየቻት። ቀኑን በትክክል ባታስታውስ «የክረምቱ ፈተና ሰሞን» ብላም ቢሆን። ስልኳ ላይ የቀረ መልእክት ካለ አታጥፋው። አንቺም «አልሄድም» ብላ ያለቀሰችበትን ጊዜ የምታስታውሽውን ያህል ጻፊ። ያ ቃል አንድ ቀን ይፈለጋል። ግን ደጋግመሽ አታስተርኪያት። አንዴ ለመርማሪ ስትናገር ይበቃታል።

ድርጊቱ የተፈጸመው ኮምቦልቻ ስለሆነ አቤቱታው እዚያው ፖሊስ ጋ ይቀርባል። የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ የሚይዘውን ክፍል ጠይቁ፤ ሴት መርማሪ ትሁንልን በሉ። ፍርድ ቤት ሲደርስ ጉዳዩ በዝግ ችሎት እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። አደባባይ ላይ አይነበብም። የሕግ ምክር ለማግኘት ገንዘብ የለኝም ብለሽ አትቅሪ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች በነፃ ያማክራል። እሷ ደሴ ስላለች ዩኒቨርሲቲዋ ውስጥ የሕግ ትምህርት ክፍሉን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይኖር እንደሆነ ትጠይቅ።

ሐኪም ጋም ትሂድ። አራት ዓመት ቢያልፍም የደም ምርመራውም የሚያዳምጣት ባለሙያም ያስፈልጋታል። ደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል (ቀድሞ ሪፈራል የሚባለው) ስትሄዱ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች የተዘጋጀውን አገልግሎት ብላችሁ ጠይቁ።

ይህን የምታነቡ ሌሎች እናቶች ደግሞ አንድ ነገር ያዙልኝ። ነገሩ ትናንት ወይም ዛሬ የሆነ ከሆነ ገላዋን ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳታጥቡ በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዷት። የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። እርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሠራል፣ ግን በቶሎ ሲሆን ነው የሚበጀው። ሽማግሌ እስኪሰበሰብ፣ ዘመድ እስኪማከር ይህ ሰዓት ያልፋል። በድፍረት የመጣ እርግዝና ቢሆን እንኳ ሕጉ እንዲቋረጥ ይፈቅዳል፤ የሴቲቱ ቃል በቂ ነው።

ሦስተኛው፣ መሄድ። «ሃይማኖቴን ትቼ የት እሄዳለሁ?» ብለሻል። ማን ተዪ አለሽ? ሃይማኖትሽ ሰውየው አይደለም። የሰፈርሽ ጉባኤም አይደለም። እዚያው እምነት ውስጥ ሆነሽ ከእሱ ደጅ መራቅ ትችያለሽ። ኮምቦልቻ ውስጥ ሌላ ሰፈር አለ፣ ደሴ አለች። ልጅቷ ግን ለጊዜው ከየትኛውም የጸሎት ቦታ ልትርቅ ትችላለች። ተያት። እሷ ላይ የደረሰው በፈጣሪ ስም ነው የደረሰው። ከፈጣሪዋ ጋር ያላትን ነገር በራሷ ጊዜ ትነጋገርበት። «ሂጂ ጸልዪ፣ ይቀልሻል» አትበያት፤ ያን ቃል ከሰውየው ሰምታዋለች።

ስለ ቅሬው የጻፍሽውን ሳነብ ሆዴ ባባ። «ስሞት ማን ይቀብረኛል?» ወሎ ላይ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር የለም። ቅሬ የሌለው ሰው ሰው አይባልም። ስለዚህ ፍርሃትሽን አላቃልልም። ግን ቅሬውን በደንብ እይው። ቅሬ የአንድ ሰው አይደለም፤ የአባላቱ ነው። አንዲት ሴት አስወጣሻለሁ ስላለች አትወጪም። አባላት ተሰብስበው፣ መተዳደሪያ ደንቡ ታይቶ ነው። ስንት ዓመት መዋጮ ከፍለሻል? የስንቱን ለቅሶ ተቀምጠሻል? ከነዚያ ሴቶች መካከል የራሷን ልጅ ለዚያ ሰው የላከች እናት የለችም ብለሽ ታስቢያለሽ? ስብሰባ ይጠራ ካሉ ይጠራ። እዚያ ዝም ከሚሉት ይልቅ በኋላ ቤትሽ በጓሮ የሚመጡት ይበዛሉ ብዬ እገምታለሁ። ቢያስወጡሽም የሚቀበልሽ ሌላ ቅሬ፣ ሌላ ጎረቤት አለ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ልጅቷ ለአራት ዓመት ብቻዋን የተሸከመችውን ያህል ግን አይከብድም።

ግሬታ ደግሞ ሁለት ፈረሶች አሏት፣ ሩትና ሸረል። ስለነሱ የምታወራው ነገር አለ። ጋሪ ስትነዳ እነሱን ብቻ ስታይ መንገዱ ጠባብና አስፈሪ ይሆንባት ነበር። ዓይኗን ከፈረሶቹ አልፋ ሩቅ፣ መንገዱ ላይ ስታደርግ ግን ትረጋጋለች። ይህን ስሰማ ሐረጎ ትዝ አለኝ። አንቺም ከኮምቦልቻ ደሴ ስትወጪ በዚያ ጠመዝማዛ ስንቴ አልፈሻል። ሾፌሩ ከጎማው ሥር ያለውን ገደል እያየ ቢነዳ ማናችንም አንደርስም። ከፊቱ ያለውን ኩርባ ነው የሚያየው።

እሑድ እንዳለ አለ። ከዚያ በፊት ግን ቅዳሜ አለ። ልጅቷ ትመጣለች። ቡናውን አንቺ አፍዪ፣ ቤቱን ዝጊ፣ ስልክሽን አጥፊ። መጀመሪያ ያልጠየቅሻትን ይቅርታ ጠይቂያት። ሽማግሌዎቹን ምን እንደምትያቸው ንገሪያት፤ ይህን አትበይ ካለችሽ አትበዪ። ከዚያ ፊልሙን ከቆማችሁበት መቀጠል ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂያት። እንቢ ካለች ይቅር። እሺ ካለች አጠገቧ ተቀመጪ። መጨረሻው ላይ ሴቶቹ የትኛውን እንደመረጡ አልነግርሽም፤ ከእሷ ጋር እዪው።